ጋሪው ውስጥ የተኛው ማነው?

ሶልሜ መንደር፣ ጎሁንግ፣ ደቡብ ኮሪያ
ማርች 9፣ 2018

ለታናሽ እህቴ ለኦክቡን፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። ክረምቱን እንዴት ዘለቅሽው? እኔ አለሁ። አለሁ ስልሽ ደግሞ እንደ ምሰሶ የቆምኩ እንዳይመስልሽ፤ የሚያቆመኝን ይዤ ነው ያለሁት።

ስልኩ ላይ እኔ ስለ ሩዝ ስጮኽ አንቺ ስለ ቀብር ስትመልሺ ከምንውል መጻፉ ይሻለናል። ጆሮዬ እንደሆነ ከድቶኛል። አባታችን "ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል" ብሎ ያስቀረኝን በስተርጅና እዚሁ የመንደሩ ሽማግሌና አሮጊት በሚውልበት የአዛውንት ቤት ቁጭ ብዬ ተምሬዋለሁ፤ እንግዲህ ጽሑፌ ቢንጋደድ እየሳቅሽ እለፊው።

በሽታሽ እንዴት ነው ብለሻል። የትኛው? ደም ግፊቱ የድሮ ወዳጄ ነው። ስኳሩ ኋላ መጥቶ ቤቱን ወረሰ። አጥንትሽ ሳስቷል አሉኝ። ጉልበቴን ተዪው፤ ጉልበት የሚለው ስሙ ብቻ ቀርቷል። ከጤና ጣቢያ መድኃኒቴን በፌስታል ይዤ ስመለስ ገበያ ውዬ የመጣሁ ነው የምመስለው። ደግሞ አንድ ልጅ እግር የስፖርት አስተማሪ ልከው አሮጊቶቹን ላስቲክ ያስጎትቷቸዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አፈር ስጎትት የኖርኩት፣ ምን ቆርጦኝ!

ልጄ ቴሶክ ከፑሳን ከተማ በደወለ ቁጥር "እማዬ በቃሽ፣ ቁጭ በይ" ይለኛል። ቁጭ ማለቱን ማን አቃተው? መነሣቱ ነው እንጂ!

ግን አልተቀመጥኩም። ጠዋት ጠዋት የሕፃን ጋሪዬን እየገፋሁ አዛውንት ቤት እሄዳለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ እስከ ባሕሩ ግንብ ደርሼ እመለሳለሁ። ዳገቱ ላይ ይከብደኛል፤ ቁልቁለቱ ላይ እንዳያመልጠኝ ጥርሴን ነክሼ እይዘዋለሁ። እሱን ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ያን የጀርመን የፈረስ ቅባት ለጉልበቴ ላኪልኝ። የዶርትሙንድ ዝናብስ፣ አሁንም አላባራም?

ሰማይ ይጠብቅሽ።
እትሽ ፒልናም


ዶርትሙንድ
ማርች 28፣ 2018

ይድረስ ለማከብርሽ ለእትዬ ፒልናም፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ ይቅደም። ቅባቱን ልኬያለሁ።

ግን እትዬ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። ሕፃኑ የማን ነው? የቴሶክ ልጅ ወታደር ቤት ገባ ብለሽ አልጻፍሽልኝም እንዴ? በዚህ ዕድሜያቸው ደገሙ? ወይስ ልጅየው ነው ሳያገባ ወልዶ አምጥቶ የጣለብሽ? ወይ ጉድ! ደም ግፊትና ስኳር ያለባት አሮጊት ሞግዚት ትሁን? ደግሞ "ዳገቱ ላይ ይከብደኛል" ትይኛለሽ። ከባድ ልጅ ነው ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቢያመልጥሽስ? ባሕር ውስጥ ቢገባስ? እኔን አዝለሽ ማሳደግሽ አይበቃም? ያ ጀርባ የጎበጠው በእኔ ነው።

ስንት ወሩ ነው? ወንድ ነው ሴት? ስሙን እንኳ አልነገርሽኝም። ብናደድም ሕፃን ምን አጠፋ ብዬ ካልሲ ሠርቼ ልኬለታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እጄ ክርና መርፌ ላይ ነው።

ቴሶክን ልክ ልኩን እነግረዋለሁ። አንቺ ግን በሞቴ እረፊ። ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ነበርኩ፤ የምለውን አውቃለሁ። እረፊ እትዬ።

ታናሽሽ ኦክቡን


ሶልሜ
ኤፕሪል 14፣ 2018

ኦክቡኔ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የእኔን ዕድሜ ግን በሳቅ ልትጨርሺው ነበር። ደብዳቤሽን አዛውንት ቤት ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የቦልግዮዋ ሴትዮ፣ ያቺ ጎረቤቴ፣ ጥርሷ ወለቀ። እውነቴን ነው፤ ሰው ሠራሹ ጥርሷ ሾርባዋ ውስጥ ገባ።

ሕፃን የለም! ጋሪው ውስጥ የተኛው ጡብ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነገር ስለሆነ አልፈርድብሽም። ወገባችን ሲጎብጥ ምርኩዝ መያዝ ነበረብን፤ ግን ምርኩዝ አንድ እግር ነው፣ የሕፃን ጋሪ አራት እግር አለው። ልጆቹ አድገው ከተማ ሲገቡ ጋሪያቸው ደጅ ቀረ፤ እኛ አነሣነው። በየገጠሩ ያለች አሮጊት ሁሉ ጋሪ ትገፋልሻለች። ባዶውን ከተደገፍሽው ግን ይገለበጥብሻል፤ ለዚህ ነው ጡብ የምናስተኛበት። የእኔው የቴሶክ ልጅ ያደገበት ነው። በዚህ መንደር ሕፃን ካየን ዘመን ሆነን፤ አዛውንት ቤት ደጃፍ የተሰለፈውን ጋሪ ብታዪ ግን መዋዕለ ሕፃናት ነው የምትዪው።

ካልሲውን ለጋሪው እጀታ አለበስኩት፤ ጠዋት ጠዋት ብረቱ እጄን ያቀዘቅዘው ነበር። ቦልግዮዋ ቀንታለች። ለእሷም ሥሪላት፤ "ቦልግዮ ሄደህ በጡጫህ አትኩራ" ይባላልና ጡጫዋን እፈራለሁ።

እንግዲህ ከሳቁ እንውጣ። ቴሶክ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ነበር። እሷ ወለሉን እያየች ተቀምጣለች፣ እሱ ደግሞ "እማዬ፣ ከቹሶክ የመኸር በዓል በኋላ እዚህ ብቻሽን አትቀሪም፤ ቤታችን አጠገብ ጥሩ የመጦሪያ ሆስፒታል አለ፤ እዚያ ምንም አታደርጊም" አለኝ። ምንም አታደርጊም! ልጄ ክፉ አይደለም፤ እናትን ሥራ ማስፈታት ክብር ይመስለዋል። የላይኛው ቤት ሴትዮም እንዲሁ ተብላ ነው የሄደችው። ጋሪዋን እየገፋች መጥታ በእግሯ ነው መኪናው ውስጥ የገባችው። ልጠይቃት ብሄድ እግሯ እንደ ሽመል ቀጥኖ አልጋ ላይ ቀርታለች። "ፒልናም፣ ጋሪዬን ማን ወሰደው?" አለችኝ። ወስጄ ለቦልግዮዋ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ምን ልበላት?

እዚያ ከገባሁ በእግሬ አልወጣም፣ ኦክቡን። ይህን አውቃለሁ። ቴሶክ ያንቺን ቃል ይሰማል፤ አክስቴ ነርስ ናት ይላል። "እናትህን ተዋት፣ በእግሯ ትሂድበት" ብለሽ ጻፊለት። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፤ ቅባቱም ይቅርብኝ።

ስለ ዝናቡ ጠይቄሽ ነበር፤ ዘለልሽው።

እትሽ ፒልናም


ዶርትሙንድ
ሜይ 16፣ 2018

ይድረስ ለእትዬ ፒልናም፣

እንደምን ሰነበትሽ? መልሱን ስላዘገየሁት ይቅር በይኝ። በጡቡ እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩን ሳልደብቅሽ ልንገርሽ። ያንቺ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ ቴሶክ ስለ ሆስፒታሉ ጽፎልኝ ነበር። መልሼለታለሁ። ልክ ነህ ነው ያልኩት።

አትቆጪ። አንድ በሽታ ቢሆን ምንም አልልሽም ነበር። ደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የሳሳው አጥንት፣ ያለቀው ጉልበት፣ ይህ ሁሉ አንድ ገላ ላይ ሲሰፍር አንዱን ስትይዢ ሌላው ያመልጥሻል። ብትወድቂ ዳሌሽ ይሰበራል፤ ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊት ምን እንደምትሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ጡብ የጫነ ጋሪ ይዘሽ ባሕር ዳር መንከራተት ምን ይባላል?

ሰው ሲያረጅ ማረፉ ነውር አይደለም። እኔም እያረፍኩ ነው። ወንበሬን መስኮቱ ሥር አድርጌ እሠራለሁ፣ አነባለሁ። ምንም አልጎደለብኝም።

ታናሽሽ ኦክቡን


ሶልሜ
ሜይ 28፣ 2018

ኦክቡን፣

እኛ አገር ሰውን "በሰላም እረፊ" የሚሉት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ልትተኛ ስትል ነው፣ ሌላው ሬሳዋ ፊት ቆመው። ያንቺው የትኛው ነው?

አባታችን ፒልናም፣ "የግድ ወንድ"፣ ብሎ ስም ያወጣልኝ ከእኔ ቀጥሎ ወንድ እንዲመጣለት ነበር። አንቺ መጣሽ። እሱ ፊቱን ሲያዞር ያዘልኩሽ እኔ ነኝ፤ ያዘልኩሽም በእነዚህ እግሮች ነው። ዛሬ እግሬን ለልጄ አሳልፈሽ ሰጠሽ። ደግ አደረግሽ፣ እሰይ።

ነጭ ሽንኩርቱ ደርሷል። ራሴ እነቅለዋለሁ። አንቺም ቴሶክም እዩኝ።

ፒልናም


ዶርትሙንድ
ጁን 29፣ 2018

እትዬ፣

ጤናሽን የምጠይቀው ፈርቼ ነው። ከዚያ ደብዳቤሽ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልሽ፤ መልስ የለም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ቴሶክ "ደህና ናት" ይላል፤ አባባሉ ግን ደስ አላለኝም።

ከፈለግሽ ስደቢኝ። የልብሽን ተናገሪኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ፣ አፈር ስሆንልሽ።

ኦክቡን


ሶልሜ
ጁላይ 15፣ 2018

ለእህቴ ለኦክቡን፣

በሕይወት ላለሽው እህቴ በሕይወት ካለሁት እህትሽ ሰላም ይድረስሽ። ወድቄ ነበር።

ልንገርሽ። ፀሐይ ሳይበረታ ልጀምር ብዬ በማለዳ ተነሣሁ። የስኳሩን መድኃኒት ዋጥኩ፤ ቁርሱን ኋላ እበላለሁ አልኩ። የተናደደ ሰውን መች ይርበዋል? ቁጢጥ ብዬ ስነቅል ስነቅል እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሽንኩርቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ከዚያ አፌ ውስጥ አፈር ነው። ቦልግዮዋ ጋሪዬ ያለ እኔ መንገድ ዳር መቆሙን አይታ ነው የደረሰችልኝ። የሩዝ ጣፋጭ ውሃዋን እያጠጣችኝ በጡጫዋ ጀርባዬን ትደልቀዋለች። "አንቺ ግትር! ሙቺልኝና ጋሪሽን እወርሳለሁ!" ትለኛለች፤ ደግሞ ታለቅሳለች።

አጥንቴ አልተሰበረም። ጉልበቴ ግን እንደ ሐብሐብ አብጦ አልጋ ላይ አዋለኝ። ቴሶክ መጣና አየኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ቦታ ይዞልኛል። ከቹሶክ በኋላ የሚለው አልተለወጠም። ስለዚህ ልክ ነበርሽ፤ በግማሹ። ሌላው ግማሽ ግን ይኸውልሽ፤ ያን አልጋ ቀመስኩት። ስነሣ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆኖ ነው ያገኘሁት። አልጋው ነው የበላው፣ ሽንኩርቱ አይደለም።

ተኝቼ ሳለሁ የድሮ ደብዳቤዎችሽን አስወጥቼ አነበብኳቸው። ሁሉም ውስጥ ዝናብ አለ። "ጫማዬ በሰበሰ፣ ጃንጥላዬን ነፋስ ወሰደው፣ የዚህ አገር ሰማይ ምን ሆኖ ነው" ትያለሽ። ባልሽ ዲትማር ከሞተ ወዲህ በጻፍሽልኝ ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። አንድ!

ዶርትሙንድ መዝነቡን ተወ ወይስ አንቺ መውጣቱን ተውሽ? መጨረሻ የረጠብሽው መቼ ነው? ለሰው እረፊ ከማለትሽ በፊት ይህን መልሺልኝ።

እትሽ ፒልናም


ዶርትሙንድ
ኦገስት 24፣ 2018

ይድረስ ለእትዬ፣ ምንም ለማያመልጣት፣

ብዕሩን እያነሣሁ መልሼ አስቀምጠው ነበር። አሁንስ ሆድ ይፍጀው ማለቱ ሰለቸኝ።

ዲትማር ከተቀበረ ወዲህ ከዚህ ቤት የምወጣው ሐኪም ዘንድ ሲወስዱኝ ብቻ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልኩ። ቀጥሎ ጉንፋን ነው አልኩ። ከዚያ ልብሽ ደክሟል አሉኝ፣ ስኳርም ጨመሩልኝ፣ ሳንባዬም ያፍነኛል፤ ሰበብ ሞላልኝ። ታች የምትኖረው ቱርካዊት ጉልሴረን ዳቦ ታመጣልኛለች፤ ደብዳቤሽንም ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ዝናቡን በመስኮት አየዋለሁ እንጂ ነክቶኝ አያውቅም።

ሐኪሙ ባለ ጎማ መደገፊያ አዞልኛል። ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ካፖርት ሰቅዬበታለሁ። እንዴት አፈርኩ መሰለሽ! ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሁሉ በማግስቱ "ተነሥ፣ አልጋ ሰው ይበላል" እያልኩ ብርድ ልብሱን የምገፈው እኔ ነበርኩ። በሽተኞቹ "ጨካኟ ኮሪያዊት" ነበር የሚሉኝ። ላንቺ እረፊ ያለችሽ ነርሷ አይደለችም እትዬ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ናት፣ ፈርታ።

አሁን ግን ነርሷ ትናገር፤ ስሚኝ። ሥራ ሁሉ ስፖርት አይደለም። ቁጢጥ ብሎ ሽንኩርት መንቀል ያንን ጉልበት ይበላዋል እንጂ አያበረታውም። ወደ አስተማሪው ሂጂና ላስቲኩን ጎትቺ፤ ኩራትሽን ደጅ አስቀምጪው። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ውጠሽ እንዳትወጪ። ከኪስሽ ከረሜላ አይጥፋ። ማታ ማታ እግርሽን ገልብጠሽ እዪ፤ ስኳር ያለበት እግር ቢቆስልም አይነግርሽም። ደረትሽን ከያዘሽ ቁሚ፣ ተቀመጪ፣ ሰው ጥሪ። ከዚያ ወዲያ ግን ጋሪሽን ግፊ፤ በየቀኑ ግፊ።

ለቴሶክ እንደገና ጽፌለታለሁ። "የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ቅደደው። እናትህን ከማስገባትህ በፊት በቹሶክ ወደ አያትህ መቃብር ስትወጣ ከኋላዋ ሂድና እያት" ብዬዋለሁ። ይሁን ብሏል። እንግዲህ ያ ዳገት ያንቺ ነው።

እኔን ተዪኝ። የእኔ ነገር አብቅቷል።

ኦክቡን


ሶልሜ
ሴፕቴምበር 30፣ 2018

ኦክቡኔ፣ ዓይኔ፣

የበዓሉ በረከት ይድረስሽ። ወጣሁት! ዳገቱን ወጣሁት!

ካንቺ ደብዳቤ በኋላ ላስቲኩን ስጎትት ከረምኩ። ከወንበር ተነሥ፣ ተቀመጥ፣ ተነሥ፤ እንደ ወታደር። አስተማሪው "አያቴ፣ ከሁሉም አንቺ ትበልጫለሽ" ሲለኝ ቦልግዮዋ "እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!" አለችኝ። ቀንታ ነው።

የቹሶክ ዕለት በልቼ፣ ከረሜላዬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። እስከ ጥዱ ድረስ በጋሪዬ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ስለሚጠብ በምርኩዝ። ቴሶክ ከኋላዬ ነው። "እማዬ፣ ልዘልሽ" ይላል። "ዞር በል! እናቴ ፊት ታዝዬ አልቀርብም" አልኩት። ሁለቴ ተቀመጥኩ፤ አልዋሽሽም። አንዴም አለቀስኩ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ግን ደረስኩ። ዞር ብል ልጄ የለም። ታች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ያንን የፑሳን ቦርጩን ይዞ ያለከልካል። ከረሜላ ወረወርኩለት።

ከመቃብሩ ተመለስን። ሚስቱ ምግቡን ስታነሣ ደጅ የብረት ድምፅ ሰማሁና ብወጣ ጋሪዬን ገልብጦ ጎማውን ዘይት ይቀባል። ቀና ሳይል "እስከሚመጣው ቹሶክ" አለኝ። ይበቃኛል። የሚመጣው ሲመጣ ደግሞ እንወጣዋለን።

አሁን ወዳንቺ። የእኔ ነገር አብቅቷል ብለሻል። ምኑ? ከእናታችን መቃብር ሥር ካለው ካብ አንድ ድንጋይ አንሥቼ ልኬልሻለሁ። ፖስታ ቤት ያለው ልጅ "ምንድነው፣ አያቴ?" አለኝ። "ድንጋይ" አልኩት። "ጀርመን ድንጋይ የለም?" አለኝ። "አለ፣ ግን እናታችንን አያውቃትም" አልኩት።

ባዶ ጋሪ ይገለበጣል። ካፖርቱን አውርጂና ድንጋዩን አስተኚበት። ፎቁን በአንድ ቀን ውረጂ አላልኩሽም። አንድ ደረጃ ወርደሽ ተመለሺ። ነገም እንደዚያው። ሐኪምሽን ጠይቂ፣ ጉልሴረንን ያዢ፣ ብቻ ውረጂ። አዝዬ ያሳደግሁሽ ወንበር ላይ እንድትቀሪ አይደለም።

ቅባት አልፈልግም፣ ገንዘብም አልፈልግም። ዝናብ ጻፊልኝ።

እትሽ ፒልናም


ዶርትሙንድ
ኖቬምበር 11፣ 2018

እትዬ፣

ድንጋይሽ ደረሰ። ጉልሴረን ፓኮውን ተሸክማ ስትወጣ "ከኮሪያ ወርቅ ላኩልሽ እንዴ?" አለችኝ። ሳሳያት አልሳቀችም። ባሏን ጠራችው፤ መደገፊያውን ታች አውርዶ በሩ ጋ አቆመው፣ ድንጋዩንም ቅርጫቱ ውስጥ አስተኛው። እናታችን ታች በር ላይ ቆማ እኔ ከፎቅ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። እንዴት ይቻላል?

ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ "ከብዙ ጊዜ በፊት ነበር የነገርኩሽ" ብሎ ተቆጣኝ። ጀመርኩ። አንድ ደረጃ ወርጄ ተመለስኩ። ሌላ ቀን እስከ መታጠፊያው። አንዴ መሃል ላይ ትንፋሼ አጥሮ ቁጭ ብዬ ስንሰቀሰቅ ጎረቤት አየኝ፤ ይየኝ። ነርሷ "ተነሥ፣ አልጋ ሰው ይበላል" ትለኛለች፤ በእኔው አፍ።

ዛሬ በሩን ከፈትኩት። ካልሲ ለመደገፊያዬ እጀታ ሠርቼለት ነበር፤ እሱን ይዤ፣ ድንጋዩን ከፊቴ አድርጌ፣ እየቆምኩ እየሄድኩ ዳቦ ቤቱ ደረስኩ። ባለ ዳቦ ቤቷ አየችኝና "ሞታለች ብለን ነበር" አለች። ገና አላረፍኩም አልኳት።

ስመለስ ዘነበ። ጃንጥላ ከየት አባቴ ላምጣ! መሮጥ አልችል፣ መደበቂያ የለ፣ መሃል መንገድ ላይ ዳቦዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ቆሜ ስስቅ ሰው ሁሉ ያየኛል። ፀጉሬም ዳቦውም የእናታችን ድንጋይም፣ ሁላችንም ረጠብን።

የዚህ አገር ሰማይ ምን ሆኖ ነው? ጫማዬ በሰበሰ፣ እትዬ።

ኦክቡን